የለንደን ዓሣ ነጋዴዎች አዳራሽን በድሮ የከተማ ሥዕል ውስጥ ፈልጎ ለማግኘትና ለማንበብ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በ1666 ለንደንን ያጋየው ታላቅ ቃጠሎ 87 የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ወደ 13,200 የሚጠጉ ቤቶችንና 44 የነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት አዳራሾችን በጥቂት ቀናት ውስጥ አመድ አድርጓል። ከጠፉት አዳራሾች ብዙዎቹ ምን መልክ እንደነበራቸው ለማወቅ ከቀሩን ምስክሮች ዋነኞቹ ከቃጠሎው በፊት ከተማዋን ከከፍታ ላይ ሆነው የነደፉ ሰዎች የተዉልን ሥዕሎች ናቸው። እንዲህ ያለው ሥዕል ግን እንደ ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ የተነሣ ስላልሆነ፣ በውስጡ የሚታየውን አንድ ሕንፃ ለይቶ «ይህ ነው» ለማለት ሥርዓት ያለው ንባብ ይጠይቃል። ይህ መመሪያ ያንን ንባብ በአንድ ምሳሌ ላይ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ምሳሌው የለንደን ዓሣ ነጋዴዎች ማኅበር አዳራሽ ነው። ማኅበሩ የመጀመሪያውን የንጉሥ ቻርተር በ1272 ያገኘ ሲሆን፣ ከአሥራ ሁለቱ የከተማዋ ታላላቅ ማኅበራት በማዕረግ አራተኛ ነው። አዳራሹን የምንፈልግበት ሥዕል ደግሞ የፕራግ ተወላጁ ዌንሰስላውስ ሆላር በ1647 ያወጣው፣ «ከባንክሳይድ የታየው ረጅም የለንደን እይታ» በመባል የሚታወቀው የመዳብ ሰሌዳ ኅትመት ነው፤ ባንክሳይድ በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳርቻ ያለ ሰፈር ነው። ይህን ምሳሌ የመረጥሁት ሕንፃው በተለያዩ ዘመናት በተደጋጋሚ ስለተሠራና አካባቢውም ስለተለወጠ፣ አንባቢ ሊሳሳት የሚችልባቸውን ቦታዎች አብዛኞቹን በአንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ትክክለኛውን ምስል በትክክለኛው ጥራት ማግኘት

በመጽሐፍ ገጽ ላይ ተጨምቆ የታተመ ቅጂ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሆላር ሥራዎች በብሪቲሽ ሙዚየምና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ስብስቦች ውስጥ ስለሚገኙ፣ አንድ መስኮት ከአንድ የጀልባ ምሰሶ እስኪለይ ድረስ ሊጎላ የሚችለውን ምስል ይምረጡ። ከምስሉ ጋር የሚገኘውን የመዝገብ መግለጫም አብረው ያስቀምጡ፤ የሠራው ማን እንደሆነ፣ በየት ከተማ እንደታተመ፣ ኅትመቱ የመጀመሪያው ይሁን ወይም በኋላ ዘመን በሌላ እጅ የተቀዳ መሆኑን የሚነግርዎ እርሱ ነውና።

ምስሉ ግራና ቀኙ እንዳልተገለበጠም ያረጋግጡ። በመዳብ ኅትመት ሠዓሊው በሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይነድፋል፤ አሲድ መስመሮቹን ከበላቸው በኋላ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ሲጫንበት ምስሉ ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ ጥንቃቄ ያደረገ ሠዓሊ አስቀድሞ ገልብጦ ይነድፋል፣ ያላደረገ ደግሞ ከተማዋን እንደ መስተዋት ገልብጦ ያሳያል። ሆላር ጥንቁቅ ነበር፤ በእርሱ ሥዕል ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለምንመለከት ምዕራብ በግራ፣ ምሥራቅ በቀኝ ነው። ሥዕሉ በተለያዩ ሰሌዳዎች ላይ ተሠርቶ በወረቀት የተቀጠለ በመሆኑም የመገጣጠሚያዎቹን ቦታ ቀድመው ልብ ይበሉ፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚወድቅ ሕንፃ ስፋቱ አይታመንም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሠዓሊው የቆመበትን ቦታ መወሰን

ከሥዕሉ ውስጥ ምንም ነገር ከመፈለግዎ በፊት ሠዓሊው የት ሆኖ እንዳየ ይወቁ። ከሆላር በፊት የወጡ ብዙ የለንደን እይታዎች አንድ የተወሰነ መቆሚያ የላቸውም፤ ሠዓሊው በወንዙ ዳር እየተጓዘ ያየውን፣ ወይም ከሌሎች ሥዕሎች የወሰደውን፣ ከምናባዊ ሰማይ ላይ እንደታየ አድርጎ ያቀናጃል። በ1616 የወጣውን የቪሸርን እይታ ለምሳሌ ብንወስድ፣ ሠዓሊው ለንደንን በዐይኑ ማየቱ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ሆላር ግን በአንድ ስፍራ ላይ ቆሟል፤ ይህም በወንዙ ደቡብ ዳርቻ፣ በሳውዝዋርክ በሚገኘው የዚያን ጊዜው የቅዱስ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጫፍ ነው። ሕንፃው ዛሬም የሳውዝዋርክ ካቴድራል ተብሎ ቆሞ ይገኛል።

ይህ ለአንባቢ ትልቅ ዕድል ነው። መቆሚያው አንድና የታወቀ ከሆነ ከዚያ ተነሥቶ በዘመናዊ ካርታ ላይ መስመር መዘርጋት፣ የትኛው ሕንፃ የትኛውን እንደሚከልልም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ በካርታዎ ላይ ካቴድራሉን በቀይ ነጥብ ምልክት አድርገው ያስቀምጡት፤ በአምስተኛው ደረጃ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የታተመበትን ዘመን ከታየበት ዘመን መለየት

ኅትመቱ 1647 ይላል። ያን ዓመት ግን ሆላር ለንደን ውስጥ አልነበረም። በአሩንዴል መስፍን ጠባቂነት በ1630ዎቹ አጋማሽ መጥቶ ከተማዋን ሲነድፍ ከቆየ በኋላ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲበረታ በ1644 ወደ አንትወርፕ ሄዷል፤ ሰሌዳዎቹንም የሠራው ይዟቸው ከሄደ ንድፎች ነው። ከእነዚህ ንድፎች አንዱ፣ ከዚያው ግንብ ወደ ዌስትሚንስተር አቅጣጫ የተነደፈው፣ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛል። የዘመኑን ልዩነት የሚያረጋግጠው ሥዕሉ ራሱ ነው፤ በ1644 የፈረሰው የግሎብ ቲያትር በ1647ቱ ኅትመት ላይ እንደቆመ ይታያል። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ ሁለት ዓመቶችን ለየብቻ ይጻፉ፤ አንዱ የታተመበት፣ ሌላው በውስጡ ያለው ከተማ የነበረበት ዘመን ይሁን።

ዓመት ያልተጻፈበት ወይም የሚያጠራጥር ሥዕል ሲያጋጥም ደግሞ ዘመኑን ከሚታዩት ሕንፃዎች ማስላት ይቻላል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ውጤት የሚሰጠውም ይህ ዘዴ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ረጅም ሹል ጫፍ ካለው ሥዕሉ ከ1561 በፊት ያለችውን ለንደን ያሳያል፤ በዚያ ዓመት መብረቅ አውድሞታልና። ሹሉ ጠፍቶ አራት ማዕዘን ግንብ ብቻ ከታየ ዘመኑ ከ1561 እስከ 1666 ባለው ውስጥ ነው። ጉልላት ከታየ ደግሞ ወደ አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ተሻግረናል። ከድልድዩ ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ 61 ሜትር ያህል የሚረዝም ነጠላ የድንጋይ ዓምድ ቆሞ ከተገኘ፣ ይህ በ1677 የተጠናቀቀው የቃጠሎው መታሰቢያ ነው። በለንደን ድልድይ ላይ ቤቶች ተደርድረው ከታዩ ከ1762 በፊት ነን። የቤቶቹ ፊት በእንጨት ማዕቀፍ ተሠርቶ ጣሪያቸው በሹል ሦስት ማዕዘን የሚያልቅ ከሆነ ከቃጠሎው በፊት የነበረችው ከተማ ናት፤ ከ1667ቱ የመልሶ ግንባታ ሕግ ወዲህ በከተማዋ የሚሠራ ቤት በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጋ። እነዚህ ምልክቶች ዘመኑን የሚወስኑት ሠዓሊው ራሱ ያየውን ከነደፈ ብቻ ነው። ከቀደመ ሥዕል የቀዳ ሰው ከሃምሳ ዓመት በፊት የፈረሰውን ቤት ሳያውቅ ሊያቆመው ይችላል። በአንድ ሥዕል ውስጥ በአንድ ዘመን አብረው ያልነበሩ ሁለት ሕንፃዎች ካገኙ፣ የተቀዳ ሥራ እንደያዙ ይጠርጥሩ።

ስለ ቀን አቆጣጠርም አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ በዩልዮስ አቆጣጠር ትመራ ስለነበር የሰነዶቿ ቀን ከቀረው ምዕራብ አውሮፓ በአብዛኛው በአሥር ቀን ይለያል፤ አዲሱን ዓመትም የምትቆጥረው ከማርች 25 ጀምሮ ነበር። ቃጠሎው በለንደን ሰነዶች የተነሣው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1666 ነው፤ በእኛ ሲሰላ መስከረም 5 ቀን 1659 ዓ.ም.፣ አፄ ፋሲለደስ በጎንደር በነገሡበት በመጨረሻው ዘመን መሆኑ ነው። በጥር ወይም በየካቲት የተጻፈ የእንግሊዝ ሰነድ ሲያገኙ ዓመቱን ሁለት ጊዜ ይመርምሩ።

አራተኛ ደረጃ፦ የትኛው አዳራሽ እንደሚፈለግ መለየት

«የዓሣ ነጋዴዎች አዳራሽ» ሲባል ሁልጊዜ አንድ ሕንፃ አይደለም። በድሮው ዘመን የደረቅ ዓሣ ነጋዴዎችና የጨው ዓሣ ነጋዴዎች የተለያዩ ማኅበራት ነበሩ፤ አንድ የሆኑት በ1536 ነው። የታሪክ ጸሐፊው ጆን ስቶው በ1598 ባሳተመው የለንደን መግለጫ ዓሣ ነጋዴዎች ስድስት አዳራሾች እንደነበሯቸው፣ ሁለቱ በቴምዝ ጎዳና፣ ሁለቱ በአዲሱ የዓሣ ጎዳና፣ ሁለቱ ደግሞ በአሮጌው የዓሣ ጎዳና እንደነበሩ ጽፏል። እኛ የምንፈልገው በወንዙ ዳር ያለውን፣ ቦታው በ1434 በኑዛዜ ለማኅበሩ የተላለፈውን ነው።

በዚህ ቦታ ላይ በተለያየ ዘመን የቆሙትን ሕንፃዎች ቅደም ተከተል ይዞ መነሣት ያስፈልጋል። ጥንታዊው ቤት በ1666 ተቃጠለ፤ በኤድዋርድ ጀርማን ንድፍ የተሠራው ሁለተኛው በ1671 ተከፍቶ እስከ 1827 ቆመ፤ ያ ደግሞ ለአዲሱ የለንደን ድልድይ ሥራ ሲባል ፈረሰ፤ ዛሬ የሚታየውን ሄንሪ ሮበርትስ ነድፎት በ1834 ተከፈተ፤ እርሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ክፉኛ ተጎድቶ ከታደሰ በኋላ በ1951 እንደገና አገልግሎት ጀመረ። በሦስተኛው ደረጃ ባገኙት ዘመን ላይ ተመሥርተው ከእነዚህ የትኛው እንደሚታይ አስቀድመው ይወስኑ። ሆላር ያየው የመጀመሪያውን ነው። በኢንተርኔት የሚዘዋወሩ ምስሎች የጀርማንን ሕንፃ «የመካከለኛው ዘመን አዳራሽ» ሲሉት ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሕንፃውን በቦታው ማግኘት

አሁን ወደ ሥዕሉ ይግቡ። መነሻዎ ድልድዩ ይሁን፤ ቤቶች የተደረደሩበት ረጅሙ ድልድይ ወንዙን አቋርጦ ሰሜን ዳርቻ የሚደርስበትን ነጥብ ያግኙ። በዚያ የቅዱስ ማግነስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ማለትም ወንዙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ዳርቻውን ተከትለው ይሂዱ። በቅድሚያ የዓሣ ነጋዴዎች አዳራሽ፣ ቀጥሎ አሮጌው ስዋን የተባለው የጀልባ መውረጃ ደረጃ፣ ከዚያ ኮልድሃርበር፣ ከዚያም የጀርመን ሐንዛ ነጋዴዎች ሰፈር የነበረው ስቲልያርድ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ከቦታው መልክዓ ምድር ጋር ከተስማማ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል።

ቀሪው ግማሽ በመስመር ይረጋገጣል። በዘመናዊ ካርታ ላይ ቀድመው ምልክት ካደረጉበት ከሳውዝዋርክ ካቴድራል ሦስት መስመሮችን ይዘርጉ፤ አንዱ ወደ ቅዱስ ማግነስ፣ አንዱ ወደ አዳራሹ ስፍራ፣ አንዱ ደግሞ የቅዱስ ሎውረንስ ፓውንትኒ ቤተ ክርስቲያን ወደነበረበት ይሂድ። ይህ የመጨረሻው ሹል ጫፍ የነበረው፣ በ1666 ተቃጥሎ እንደገና ያልተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ስፍራው ግን ዛሬም ይታወቃል። በመስመሮቹ መካከል ያሉትን ማዕዘኖች ለክተው፣ በሥዕሉ ላይ በሦስቱ ሕንፃዎች መካከል ካለው ርቀት ጋር ያነጻጽሩ። መካከለኛው መስመር ከሁለቱ ጋር ያለው ድርሻ በካርታውም በሥዕሉም ተቀራራቢ መሆን አለበት። ሥዕሉ ከብዙ ንድፎች የተገጣጠመ ስለሆነ ልኬቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ከሚፈልጉት ሕንፃ ርቀው ባሉ ምልክቶች፣ ለምሳሌ በዌስትሚንስተርና በለንደን ግንብ፣ አይለኩ። ከፍታንም በዚህ ዘዴ አይለኩ፤ የዘመኑ ሠዓሊዎች ግንቦችን ከፍ አድርገው የመሳል ልማድ ነበራቸው።

ስለ አካባቢው የመንገድና የግቢ ዝርዝር የሚረዳዎ በ1676 የተጠናቀቀው የኦጊልቢና የሞርጋን ካርታ ነው። አንዱ ኢንች መቶ ጫማ የሚወክልበት በመሆኑ እያንዳንዱ ግቢ ተለይቶ ይታያል። የሚያሳየው ከቃጠሎው በኋላ የተሠራችውን ከተማ ቢሆንም፣ አዳራሹ በዚያው ስፍራ ስለተሠራ ለቦታ ማረጋገጫነት ያገለግላል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ጥሩ አንባቢን የሚያደናግር አንድ ጉዳይ አለ። ዛሬ ለንደን ሄዶ የሚያይ ሰው አዳራሹን ከድልድዩ ጫፍ ጋር ተጣብቆ ያገኘዋል፤ በሆላር ሥዕል ግን በአዳራሹና በድልድዩ መካከል ክፍተት አለ። አንዳንዱ ከዚህ ተነሥቶ «ሠዓሊው ተሳስቷል» ወይም «ይህ ሌላ ሕንፃ ነው» ይላል። ከቦታው የተነቃነቀው ግን ድልድዩ ነው። በ1831 የተከፈተው፣ በነዳፊው ስም የሬኒ ድልድይ የሚባለው አዲሱ የለንደን ድልድይ ከጥንታዊው ድልድይ 30 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጠግቶ ተሠራ፤ በ1973 የተከፈተው የዛሬው ድልድይም የሬኒን መሥመር ይዟል። ለንደን የሚኖሩ አንባቢዎች ይህንን በእግራቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ፤ የጥንታዊው ድልድይ መግቢያ በነበረው በቅዱስ ማግነስ ግቢ ውስጥ የድልድዩ ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ጥቂት ሲራመዱ የዛሬው ድልድይ፣ ከእርሱም አልፎ አዳራሹ ይገኛል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በሥዕሉ ላይ የተጻፈውን ስም መፈተሽ

በሥዕሉ ላይ የተጻፈውን ስም እስካሁን ሆን ብለን አላነበብነውም። ብዙ ሰው ከእርሱ ይጀምራል፤ እኔ ግን ስሙ ከሥዕሉ ምስክርነቶች ሁሉ ደካማው ነው ብዬ አምናለሁ። ሕንፃው የተነደፈው በቦታው፣ በዐይን እየታየ ነው፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በኋላ፣ ሰሌዳው በሚዘጋጅበት ከተማ ነው። ለዚህ ከራሱ ከሆላር ሥዕል የተሻለ ማስረጃ የለም። በባንክሳይድ ከሚታዩት ሁለት ክብ ሕንፃዎች አንዱ ግሎብ፣ ሌላው ድቦችን ከውሾች ጋር የሚያታግሉበት መድረክ ሲሆን፣ በ1647ቱ ኅትመት ላይ ስሞቻቸው ተለዋውጠው ተጽፈዋል። ንድፉ ራሱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።

ስለዚህ ስሙን አሁን ያንብቡና በአምስተኛው ደረጃ ካገኙት ጋር ያስተያዩ። ከተስማማ መልካም ነው። ካልተስማማ በቅድሚያ ጽሑፉ የተጻፈው ከሕንፃው በላይ ይሁን ከበታቹ፣ ወደ የትኛው ጣሪያ እንደሚያመለክትም ይመርምሩ፤ በተጣበበ የወንዝ ዳርቻ ላይ ስም ቦታ አጥቶ ወደ ጎን መገፋቱ የተለመደ ነው። ከዚህም በኋላ ልዩነቱ ከቀረ፣ ቦታውን የያዘውን ንድፍ ከጽሑፉ አስበልጠው ይመኑ፤ ልዩነቱንም በማስታወሻዎ ውስጥ ይግለጹ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሕንፃውን ማንበብ

የሙያ ማኅበር አዳራሽ የሚለይበት አንድ የተወሰነ የአሠራር መልክ አለው ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። የለንደን ማኅበራት ብዙ ጊዜ አዳራሻቸውን ያገኙት ባለጠጋ አባል ቤቱን ሲያወርሳቸው ወይም የመኳንንት መኖሪያ ገዝተው ሲያሻሽሉት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው የአንድ ትልቅ መኖሪያ ግቢ ቅርጽ ነው። በመጀመሪያ ከአካባቢው ቤቶች ረዘም ያለ፣ ያልተቆራረጠ ጣሪያ ይፈልጉ፤ አባላት የሚሰበሰቡበትና ግብር የሚበሉበት ትልቁ ክፍል ከሥሩ ይኖራልና። ቀጥሎ በጣሪያዎች መካከል የሚታየውን ክፍተት ይመልከቱ፤ ግቢውን የሚያመለክተው እርሱ ነው። በመጨረሻ በወንዙ በኩል ያለውን ግንብ፣ መግቢያና ወደ ውኃው የሚወርድ ደረጃ ካለ ይመዝግቡ።

የወንዙ ፊት በዚህ አዳራሽ ላይ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ታላላቅ ማኅበራት ያጌጡ ጀልባዎች ነበሯቸው፤ አዲስ የተመረጠው የከተማዋ ከንቲባ በየዓመቱ በቴምዝ ላይ ወደ ዌስትሚንስተር ሲሄድ በእነርሱ ይታጀብ ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ የራስ መውጫ ያለው ማኅበር ክብሩ ከፍ ያለ ነው። የዓሣው ንግድ ዋና ማራገፊያ ግን ከድልድዩ በታች በምሥራቅ በኩል በቢሊንግስጌት ስለነበር፣ በአዳራሹ ፊት ጭነት የያዘች ጀልባ ብትታይ «ዓሣ እየወረደ ነው» ብለው አይጻፉ። በእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ጀልባዎችና ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገቡት ለማስዋብና መጠን ለማሳየት ነው።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከሌላ እይታ ጋር ማስተያየት

ለአንድ ሕንፃ አንድ ሥዕል አይበቃም። ሆላር በ1652 ወደ ለንደን ተመልሶ ስለነበር፣ በ1666 ከዚያው ከሳውዝዋርክ ግንብ የታዩ ሁለት እይታዎችን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ አውጥቷል፤ የላይኛው ከተማዋን ከቃጠሎው በፊት፣ የታችኛው ደግሞ ከቃጠሎው በኋላ ያሳያል። መቆሚያው አንድ ስለሆነ የአዳራሹን ስፍራ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ መከተል ይቻላል። ቃጠሎው የተነሣው በፑዲንግ ሌን ከሚገኝ ዳቦ ቤት፣ ከድልድዩ ጥቂት ርቀት ላይ ሲሆን፣ ኃይለኛው የምሥራቅ ነፋስ እሳቱን ዘይትና ሞራ ወደሞላባቸው የቴምዝ ጎዳና መጋዘኖች ገፋው፤ አዳራሹ በመንገዱ ላይ ነበር። ሁለቱን እይታዎች ሲያስተያዩ ግን የላይኛው በከፊል ከራሱ ከሆላር የቀደሙ ንድፎች የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል፣ ከ1647ቱ ጋር መስማማቱን እንደ ሁለተኛ ነጻ ምስክር አይቁጠሩት። ነጻ ምስክር ከፈለጉ በ1540ዎቹ ከተማዋን የነደፈውን የቫን ደን ዊንግኸርደን ፓኖራማ ይመልከቱ፤ ዋናው በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ይገኛል።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ያገኙትን መጻፍ

ማስታወሻዎን በሦስት ክፍል ይጻፉት፤ በሥዕሉ ላይ በዐይን የሚታየው፣ በሰነድ የተጻፈውና እርስዎ ከሁለቱ የደረሱበት ግምት ሳይደባለቁ ይቀመጡ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ክፍል «ከድልድዩ በስተ ግራ በወንዙ ዳር ትልቅ ሕንፃ ይታያል» ይባላል፤ በሁለተኛው «በዚህ ስፍራ የዓሣ ነጋዴዎች ማኅበር ከ1434 ጀምሮ አዳራሽ ነበረው» ይባላል፤ በሦስተኛው «ስለዚህ የሚታየው ሕንፃ በ1666 የተቃጠለው አዳራሽ ነው፤ መልኩም የ1640ዎቹ መጀመሪያ ወይም ከዚያ ጥቂት የቀደመ ነው» ይባላል። ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አጠገብ የምስሉን የመዝገብ ቁጥር፣ ያዩበትን ሰሌዳና የትኛውን ክፍል አጉልተው እንደተመለከቱ ያስፍሩ፤ ሌላ ሰው ተመሳሳዩን ምስል ከፍቶ በዚያው ነጥብ ላይ እንዲፈትሽዎ ነው። በኋላ የተሻለ ማስረጃ ሲገኝ ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ያርሙ፤ የቀደመውን ግምት ሳይሰርዙ ቀን ጽፈው ከበላዩ አዲሱን ያክሉ።